ሸማች ያልተባሉት ባለወፍጮ

በኢንሹራንስ ድርጅቱ አዳማ ቅርንጫፍ ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተረከብኩት ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ካሜራና ለእግሬ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ቦቲ ጫማ ነበር። የካሣ ክፍል ኃላፊያችን አቶ ታደሰ አንድ የእሳት ኢንሹራንስ ውል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «አይሸፍንም» ከሚለው ገጽ ጀምሬ እንዳነብ አዘዙኝ። የሚሸፍነውን ደንበኛውም ያውቀዋል አሉ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ የተቃጠለ፣ የተገለበጠና ጎርፍ የወሰደው ነገር ማየት ሆነ። ከአቦምሳ እስከ ቡልቡላ ያልገባሁበት መጋዘን፣ ያልወጣሁበት ጣሪያ የለም ብል ብዙም አላጋነንኩ። ሴት መርማሪ ስትመጣባቸው «ኃላፊው የት አለ?» የሚሉ ነበሩ። ሜትሩን ስዘረጋ ጫፉን ይይዙልኛል።

ከሁሉም የምኮራበት ግን የሐጂ ከድር ጉዳይ ነው። ሐጂ ቡልቡላ ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። በገበያ ዋዜማ ሌሊት የኤሌክትሪክ ሽቦ ተያያዘና እሳቱ ሞተሩንና ጣሪያውን በላው። ስደርስ ከሞተሩ አንስቶ እስከ በሩ ድረስ እህል የያዙ፣ የከሰሉ ከረጢቶች ተደርድረዋል። ፎቶ አነሳሁ፣ ያየሁትንም ጻፍኩ።

አቶ ታደሰ ፎቶውን አይተው የካሣ ጥያቄውን ውድቅ አደረጉት። ውሉ ወፍጮ ቤቱን የሌላ ሰው እህል ማከማቻ ማድረግን ይከለክላል። ለውሳኔው መነሻ የሆነው የእኔው ፎቶ ነው፤ ምን ልበል?

ሐጂ አዳማ ድረስ መጡ። መጀመሪያ የሄዱት ለሸማቾች መብት ወደሚቆመው መሥሪያ ቤት ነበር። ባለሙያው በአክብሮት አስተናግዷቸው፣ ሸማች ማለት ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ ሰው እንደሆነ፣ እሳቸው ግን ኢንሹራንሱን የገዙት ለንግዳቸው እንደሆነ አስረዳቸው። ከዚያ እኔ ዘንድ መጡ። በኦሮምኛ ሰላም ተባባልን፤ ቤተሰብ ተጠያየቅን።

«ልጄ፣ ገዝቻለሁ፣ ከፍያለሁ። ሸማች ካልሆንኩ ታዲያ ምንድን ነኝ?» አሉኝ።

«ለቤትዎ ስኳር ሲገዙ ሸማች ነዎት፤ ለወፍጮው ኢንሹራንስ ሲገዙ ነጋዴ ነዎት። ሕጉ የሚለየው እንዲህ ነው።»

«እና ነጋዴ ቤቱ ሲቃጠል አያመውም?»

መዝገባቸውን አወጣሁ። ቤተሰቡ የሚተዳደረው በዚያ ወፍጮ ብቻ ነበር፤ ካሣው ከቀረ እንደማይከፍቱት ነገሩኝ። ያ ሁሉ እህል የማን እንደነበር ጠየቅኳቸው። ሕፃን ልጅ የጠየቃቸው ያህል ፈገግ አሉ። ከገጠር የሚመጡ ሴቶች በገበያ ዋዜማ እህላቸውን አምጥተው በሰልፍ ያስቀምጣሉ፣ ለምልክት ጨርቅ ያስሩበታል፣ ከዚያም ዘመድ ቤት ሄደው ያድራሉ። ተራ የሚይዝላቸው ከረጢቱ ነው። እኔ አዳማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው፣ ይህን ከየት ልወቀው!

ወደ አቶ ታደሰ ገባሁ። ሐጂ ሸማች ባይባሉም ሜዳ ላይ አልተጣሉም አልኳቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንድ ወገን ብቻ ያዘጋጀው ውል አሻሚ ሲሆን ላላዘጋጀው ወገን በሚጠቅም መንገድ እንዲተረጎም ያዛል፤ ውሉን ያዘጋጀነው ደግሞ እኛ ነን፤ «ማከማቻ» ሲል ተራ የሚጠብቅ እህልን ይጨምር አይጨምር አልጻፍንም። አቶ ታደሰ ሕጉን ከእኔ በፊት ያውቁታል። ግን ተራ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ አሉኝ። በገበያ ዋዜማ ቡልቡላ እንሂድ አልኳቸው። ኃይለኛ ናቸው እንጂ ግትር አልነበሩም፤ መኪና አስወጡ።

ከሐጂ ወፍጮ ፊት ለፊት ሌላ ወፍጮ ቤት ነበር። ሲመሽ ገባን። ከረጢቶቹ በአንድ ሰልፍ ቆመዋል፤ የአንዱ ጨርቅ ቀይ፣ የሌላው አረንጓዴ። አቶ ታደሰ ሞተሩን በቅርበት ለማየት ፈልገው አንዱን ከረጢት ገፋ አደረጉት። በር ላይ የነበሩ አንዲት እናት ቀና አሉ።

«አባቴ፣ እሱ የሰው ተራ ነው። አይነካም።»

አቶ ታደሰ ይቅርታ ጠየቁና ከረጢቱን በገዛ እጃቸው ወደ ቦታው መለሱ። ወደ አዳማ መንገድ ጀመርን። መቂ ላይ፣ «የሚከማች እህል ይቆለላል፤ ይሄ ተሰልፏል። ውሳኔውን እቀይራለሁ» አሉኝ። በደስታ እንባዬ መጣ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሐጂ ካሣቸውን ተቀብለው ወፍጮውን መልሰው አቆሙ። እኔ ደግሞ ለወፍጮ ቤቶች በምንሸጠው ውል ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር አቀረብኩ፤ ተፈቀደልኝ፦ «ተራ የሚጠብቅ እህል እንደ ክምችት አይቆጠርም።» ዛሬም እዚያው አለ። ስሜ የለበትም፤ ግን የእኔ ነው።

አሁን በእኔ ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁ፦ ለንግዱ ኢንሹራንስ የሚገዛን ሰው ሕጉ ሸማች አይለውም። መብቱን የሚያስከብርበት በእጁ ያለው ውል ነው። ውሉን ከመጻፋችሁ በፊት ወፍጮ ቤቱን በገበያ ዋዜማ ሄዳችሁ እዩት።