ግማሽ ብድግታ

እኔ የምታወቀው በመውደቅ ነው። ሰው ስሜን ቢረሳ አወዳደቄን አይረሳም። አየር ጤና ከታክሲ ቀስ ብዬ ስወርድ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ማዘር፣ አይዞዎት፣ እዚህ ካሜራ የለም!» ይለኛል፤ ተሳፋሪው ይስቃል። የሚያስቅ መልስ ይጠብቃሉ። እኔ ግን ዝምተኛ ሴት ነኝ፤ ቦርሳዬን አስተካክዬ እሄዳለሁ።

መውደቅን የተማርኩት ማታ ትምህርት ቤት ነው። ልጆቼ ካሉበት ክፍል ዝቅ ብዬ ትምህርት የጀመርኩ ትልቅ ሴት ነበርኩ። በዓመቱ መዝጊያ ባቀረብናት አጭር ድራማ ላይ ተከራይ የምታባርር የቤት ባለቤት ሆንኩ። ጽሑፉ «ትወድቃለች» ይላል እንጂ እንዴት እንደምትወድቅ አይልም። ቤቴ ፍራሽ አንጥፌ ስወድቅና ስነሳ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ገባኝ፤ ሰውነት ሲወድቅ ፊት ማወቅ የለበትም። ዓይኔ የምቆጣው ሰው ላይ እንደተተከለ፣ ስድቤም ሳይቋረጥ መሬት መድረስ አለብኝ። ከዚያች መድረክ ወደ ትልልቆቹ መድረኮች፣ ኋላም ወደ ፊልምና ወደ ቴሌቪዥን የወሰደኝ ይኸው ነው።

አምና ጉልበቴ አበጠ። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ይዞ አየና፣ «ከእንግዲህ አይወድቁም» አለኝ።

በተከታታይ ድራማ ላይ የአንዲት ልጃገረድ እናት ሆኜ እጫወታለሁ። የሚቀጥለው ክፍል ሽማግሌዎች ልጄን ሊጠይቁ ሲመጡ ትሪ ይዤ የምወድቅበት ነበር። ለዳይሬክተሩ ሐኪሙ ያለኝን ነገርኩት። በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል፣ አክባሪ ሰው ነው፤ በሥራው ግን አይቀልድም።

«እትዬ፣ ተመልካቹ እኮ የሚጠብቀው እሱን ነው» አለኝ። «ካልሆነ እናትየዋን ለጊዜው ገጠር፣ እህቷ ዘንድ እንልካታለን።»

በእኛ ሙያ ገጠር የተላከ ሰው ተመልሶ አያውቅም። ስልክ እንኳን አይደውልም።

«እስከ ሰኞ ጊዜ ስጠኝ» አልኩት። «ሳልወድቅ አስቃለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ሰፈራችን ቀራንዮ፣ ጎረቤቴ ቤት የጸሎት ፕሮግራም ነበረን። ጎረቤቴ ቅመም ነጋዴ፣ ሰፋ ያለች፣ ግርማ ያላት ሴት ናት። ሰው ተንጠባጥቦ ነው የሚመጣው፤ አንድ ሰው በገባ ቁጥር እሷ ከሶፋው ብድግ ትላለች። ብድግ የምትለው ግን እስከ ግማሽ ነው። እጇን የሶፋው ክንድ ላይ አስደግፋ መቀመጫዋን ታነሳለች፤ እንግዳው «ኧረ በጌታ፣ አይነሱ!» ይላል፤ እሷም «ኧረ ግድ የለም» እያለች ትመለሳለች። ጨርሳ እንድትነሳ ማንም አይጠብቅም። ጭራሽ ባትነሳ ግን ሰፈሩ ያወራል።

ከሁሉም ኋላ አንድ ጎልማሳ ስልክ እያናገረ ገባ። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም አለ እንጂ «አይነሱ» አላለም። ጎረቤቴ አየር ላይ ቀረች። ለመነሳት አቅም አጣች፤ ሳይሏት መቀመጥም ነውር ሆነባት። ፈገግታዋ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ጸሎት ሊጀመር ስለነበር ማንም አልሳቀም። እኔ መጽሐፍ ቅዱሴን እንደከፈትኩ እጇንና ጉልበቷን ሳነብ ቆየሁ።

«ምን አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ?» አለችኝ ጸሎቱ ሲያልቅ።

«አነሳስሽን ልወስድብሽ ነው።»

«ውሰጂው! ወገቤንም ጨምረሽ ውሰጂልኝ።»

እሁድን በቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ዋልኩ። ሰኞ ለቀረጻ በተከራየነው ቤት፣ ሦስተኛውን ሽማግሌ የሚጫወተውን የድሮ ባልደረባዬን ለብቻው ጠራሁት።

«ስትገባ "አይነሱ" እንዳትለኝ።»

«ምነው? ባለጌ ልታስመስዪኝ ነው?»

«አዎ። ሰላምታህን ግን አታሳጥር። ቤተሰቡን፣ ጤናውን፣ ዝናቡን፣ የመጣልህን ሁሉ ጠይቀኝ።»

ዳይሬክተሩ ሰምቶ ፊቱን አኮሳተረ። «አንድ ጊዜ እንሞክረው» አለ፤ ከዚያ በላይ እንደማይታገሰኝ ከድምፁ ገባኝ።

ቀረጻው ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሽማግሌዎች «ኧረ አይነሱ» አሉኝ፤ ተመለስኩ። ሦስተኛው ገብቶ ፊቴ ቆመና ልጆቼን ይጠይቅ ጀመር። እኔ ግማሽ ላይ ነኝ። «ደህና ናቸው፣ ይመስገን» አልኩ። ጎረቤቱን ጠየቀ። «ይመስገን።» ዝናቡን ጠየቀ። ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ፊቴን ግን እንደ እንግዳ ተቀባይ ያዝኩት። ያ ተንኮለኛ ጎንበስ ብሎ፣ «ጉልበትዎስ እንዴት ሰነበተ?» አለኝ።

«ደህና ነው፣ ይመስገን።»

ካሜራማኑ ሳቁን ሊውጥ ሲታገል ምስሉ ተናወጠ።

«አቁሙ!» አለ ዳይሬክተሩ። ጀርባውን ሰጥቶናል፤ ትከሻው ይነቃነቃል። «ይደገም።»

ያላሰብኩት ነገር ይህ ነበር። መውደቅ የሚያመው አንዴ ነው፤ ተንጠልጥሎ መቆየት ግን ጉልበትን እያደቀቀ ይፈጫል። ሐኪሙ የከለከለኝ መውደቅን ብቻ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁና ደገምኩ። አሁንም አንዱ ሳቀና ተበላሸ፤ አሁንም ደገምኩ። በእረፍት ሰዓት በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ጉልበቴ ላይ አድርጌ እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሳለ ዳይሬክተሩ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ፣ አራተኛ ሽማግሌ ብጨምርስ? ይችላሉ?»

«ሽማግሌ እኮ ሦስት ነው» አለ ባልደረባዬ ከወዲያ።

«ታክሲ አጥቶ የዘገየ ይሁን» አልኩ። «ጨምር። ሰላምታውም ይርዘም።»

በረዶውን አውርጄ እጄን የሶፋው ክንድ ላይ አሳረፍኩ።