ሾፌር የሚፈልገው ኮምፒውተር

ይኼን መጀመሪያ የነገረችኝ ራሷ በለጥሽ ናት፣ የመሥሪያ ቤታችን ታይፒስት። እኔ ፊደል ባልቆጥርም አርባ ምንጭ ላይ እንደኔ ያለ ዘበኛ አልነበረም። አባቴማ አገራችን ኦቾሎ ላይ... ተዉት፣ የሱ ወሬ አያልቅም።

ባሏ ኤርጫፎ ሾፌራችን ነበር። በሰማንያ ዘጠኝ ክረምት የኩልፎ ወንዝ ወሰደው፤ መኪናው ተገኘ፣ እሱ አልተገኘም። «ውሃው ከጉልበት አያልፍም፣ እለፍ» ያልኩት እኔ ነኝ። ለማንም አልተነፈስኩም። ከዚያ ወዲህ የመኪናውን ጡሩምባ እሰማና በሩን ስከፍት መንገዱ ባዶ ነው። እሷም ይመጣል ብላ ለቅሶ አልተቀመጠችም።

በዘጠና አንድ ኮምፒውተር መጣ። በተከፈተ ቁጥር አንድ ጽሑፍ ይደቅንባታል። ባለሙያውን ዘርአብሩክን ጠራችው።

«ምን ሆኖ ነው የሚጨቀጭቀኝ?»

«የፕሪንተሩን ድራይቨር አጥቶ ነው፣ እቴ። ሾፌር በይው በኛ» ብሎ ሳቀ። «እስኪያገኘው በየቀኑ ይፈልጋል።»

በለጥሽ ከወንበሯ ተነሣች።

«ማዘዣው ውስጥ ‹ራስህ ፈልግ› እና ‹አትፈልግ› የሚል አለ። የቱን ላድርግልሽ?»

«አትፈልግ በለው።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ መጥታ ይኼንን ሁሉ ነገረችኝ። «እኔም ዛሬ ለቅሶ እቀመጣለሁ» አለች። «ጋሼ፣ እለፍ ያሉት እርስዎ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ያን ቀን በመስኮት ሰምቻለሁ። የደሙን ካሣ ትቼልዎታለሁ።»