መብራት የቀደመው ለቅሶ

ባለፈው እሑድ ልጄ ቴአትር ጋበዘችኝ። መብራቱ በኮምፒውተር ነው የሚሠራው፤ አንዴም አልተዛነፈም። «አባዬ፣ ያንተ ሙያ እኮ ነው፤ እንዴት አየኸው?» አለችኝ። እኔ ግን የማስበው ሌላ መብራት ነበር።

ወጣት ሳለሁ ፒያሳ አንድ አዳራሽ ውስጥ ኪቦርድ እጫወት ነበር። መብራቱን የሚሠሩት ጋሽ ደስታ ነበሩ። ከላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ቆመው፣ የተዋናዩን ትንፋሽ እያዩ የመብራቱን ማንሻ በእጃቸው ቀስ አድርገው ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ቦምቦሊኖ በጋዜጣ ጠቅልለው ያመጡልኛል፤ በቅባታም ጣቴ ኪቦርዱን ስነካ ደግሞ ይቆጡኛል።

እኔ ግን አራዳ ነኝ ባይ ነበርኩ። ሚዲ የሚሉት ነገር መጣ፤ ኪቦርዱ ላይ የተቀዳው ዜማ በአንድ ገመድ አልፎ መብራቱንም ያዛል። በልምምድ ሰዓት አንዴ ከተቀዳ ሰው አያስፈልግም ብዬ ሥራ አስኪያጁን አሳመንኩ። ጋሽ ደስታን ጡረታ አስወጧቸው። የማንሻዎቹንም ሽቦ በገዛ እጄ ነቀልኩ።

ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ በደረቀበት እሑድ ከሰዓት፣ አዲሱ ቴአትር ተከፈተ። እትዬ በላይነሽ ልጇ የሞተባትን እናት ሆነው ሙሾ ያወርዳሉ። ሙሾ አውራጅ ደግሞ ሰው ካለቀሰላት ትጨምራለች እንጂ አታቆምም። በልምምድ ግን አዳራሹ ባዶ ነው፤ ማን ያለቅሳል? እኔ ዜማውንና መብራቱን የቀዳሁት በዚያ አጭር ሙሾ ልክ ነበር።

ሕዝቡ ሲንሰቀሰቅ እትዬ በላይነሽ ጨመሩ። መሣሪያው አልጠበቃቸውም። ደረታቸውን እየደቁ ሳሉ የቀጣዩ የሰርግ ትዕይንት ቀይና ቢጫ መብራት ቦግ አለ፤ ዘፈኑም ተከተለ። አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። እኔ ላይ በጠባቧ ክፍል ሆኜ ደንግጬ ማቆሚያው ጠፋኝ።

የክፍሏ በር ተበርግዶ ጋሽ ደስታ ገቡ። ለካ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ማንሻቸውን ይዘው ሳቡ። መብራቱ ንቅንቅ አላለም። ደግመው ሳቡ።

«ነቅዬዋለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

እጃቸውን ሳያነሱ ቁልቁል መድረኩን አዩ። «በላይነሽ የራሷን ልጅ በክረምቱ ነው የቀበረችው። አልቅሳ አልወጣላትም ነበር እኮ» አሉና ወጡ።

ቀብሩ ላይ እኔም ነበርኩ። ሙሾውን ስቀዳ ግን ትዝ አላለኝም።

የጋሽ ደስታ ቤት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ሁለቴ ወርጄ ሁለቴም ከበራቸው ተመለስኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስወርድ የእሳቸው የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ አገኘሁ። ከውስጥ የእትዬ በላይነሽ ሙሾ ይሰማል፤ የሚያቋርጣቸው አልነበረም። መግባት አፍሬ ውጭ ቆሜ አለቀስኩ።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ስሄድ አልቸኩልም። ልጄ «አባዬ፣ ሰው እኮ ሄደ፤ እንነሳ» ትለኛለች። ሐዘንተኛዋ ዝም እስክትል ቁጭ እላለሁ።