የጋሽ አሸብር ሲስተር

የአንድ ሰው ሕይወት ተደምሮ ተቀንሶ ምን ያህል ይወጣዋል? መቃብር ያለው ሰው ቢያንስ ድንጋዩ ኖሮ እንደነበር ይመሰክርለታል። ባሕር የወሰደውስ? ውሃ እንደሆነ ወዲያው ይገጥማል፤ ምንም እንዳልወረደበት ጸጥ ብሎ ይተኛል።

በሰው አገር፣ ታከር በምትባል ከተማ የሚኖሩት ጡረተኛ ጋሽ አሸብር ይህን ሲያወጡና ሲያወርዱ ነው ያረጁት። በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ። ጦርነቱ ሊያበቃ ግድም ምፅዋ ላይ ጭናቸውን ተመትተው፣ ቁስለኛ በምታመላልስ መርከብ ተጫኑ። መርከቧ ላይ የነበረችው ወታደራዊ ነርስ አንዲት ብቻ ናት፤ ሲስተር እታገኝ። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፣ እህት አገኘሁ ብሎ። እሱም በዚያው ጦርነት ቀርቷል፤ እናት አባትም አልነበሯት።

ጋሽ አሸብር እስከ ዛሬ የሚደነቁት በአንድ ነገር ነው። ትኩሳት ያቃዠው ቁስለኛ «እማዬ» ብሎ ሲጣራ «ወዬ» ትለዋለች። ሌላው በሚስቱ ስም ሲጠራት «አቤት» ትላለች። አንድም ቀን እኔ እሷ አይደለሁም ብላ አታውቅም። የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ያን ሁሉ ሰው መሆን ከየት ተማረች?

መርከቧ ስትመታ የተረፈችው ጀልባ አንዲት ናት። እታገኝ መንቀሳቀስ የሚችሉትን አወረደች፤ አሸብርን በጀርባዋ አዝላ ነው። እሷም ተሳፍራ ነበር። ከታች ከመርከቧ ሆድ «ሲስተር!» የሚል ድምፅ ሲመጣ ግን ገመዱን ይዛ ተመልሳ ወጣች።

ለቅሶ የተቀመጠላት የለም። ጋሽ አሸብርን ከሠላሳ ዓመት በላይ የበላቸው ይኸው ነው፤ ያቺን የመሰለች ሰው ያለ አንድ አልቃሽ መቅረቷ።

ዘንድሮ ልባቸው ሲደክም ቢያንስ የጸሎት መታሰቢያ ላድርግላት አሉና፣ ልጃቸውን ራኬብን በደብሩ ቴሌግራም ላይ እንድታስነግር ላኳት። ራኬብ እዚሁ የተወለደች ናት። «ኦኬ አባዬ፣ ፖስት አደርገዋለሁ» አለችና እንዲህ ጻፈች፦ የጋሽ አሸብር ሲስተር እታገኝ አርፋለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መንገዱ በመኪና ተዘጋ። የእድሩ ተጣጣፊ ወንበር ጋራዡን ሞላው፤ የታሸገ ውሃና በፎይል የተሸፈነ ትሪ በየተራ ይገባል። ከሌላ ከተማ፣ ከኬኔሶ የመጣው ታክሲ ነጂ ለገሰ አንገታቸውን አቅፎ፣ እህት እንዳላቸው እንኳ ሳይሰማ በመቅረቱ አዝኖ ነገራቸው። ጎረቤታቸው ወይዘሮ የምሥራች ጥቁር ነጠላ አጣፍታ ገና ከበሩ ስታለቅስ ገባች።

ጋሽ አሸብር ነገሩ ገባቸው። ዝም ቢሉ የተመኙት ለቅሶ እነሆ በደጃቸው ነው፤ ቢናገሩ ሰው ትሪውን ይዞ ሊመለስ ነው። ግን በሐሰት እንዲለቀስላት አልፈለጉም። ተነሡ።

«ወገኖቼ፣ እታገኝ የሥጋ እህቴ አይደለችም። ነርስ ነበረች። የሞተችውም ዛሬ አይደለም» አሉና እስከ ባሕሩ ያለውን ነገሯቸው።



«ያኔ ተለቅሶላታል?» አለች የምሥራች።

«የለም።»

«እንግዲያው ቁጭ ይበሉ ጋሼ። ዘገየን እንጂ አልተሳሳትንም።»

«እኔም ከኬኔሶ ድረስ ነድቼ እንዲሁ አልመለስም» አለ ለገሰ፤ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ።

ከወንበሩ የተነሣ ሰው አልነበረም። ያቺ ማንም ያልነበራት ልጅ ያን ሁሉ ሰው ነበራት። ሴቶቹ ስሟን እየጠሩ አለቀሱ፤ ጋሽ አሸብርም ራሳቸውን ይዘው እንደ ታናሽ ወንድም አለቀሱ።

ለቅሶው በረድ ሲል የምሥራች የመጨረሻ ቃሏ ምን እንደነበር ጠየቀቻቸው። ጋሽ አሸብርም፣ ገመዱን በገዛ እጇ ፈትታ ጀልባዋን እንደገፋቻት፣ ውሃው ጉልበቷ ደርሶ እንደነበር ተናገሩ። ጀልባዋ ጥቂት እንኳ ሳትርቅ መርከቧ ስለሰመጠች፣ ልመናዋን የፈጸመላት የለም። ያለችው ይህን ነበር፦

«ወንድሞቼ፣ ስትደርሱ ጀልባዋን መልሱልኝ፤ እታች ገና ሰው አለ።»