የእድሩ ድንኳን በግቢያችን

ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ከእኔ በቀር ድንኳን ተክሎ ስለማደሩ ጉዞ በቁም ነገር የሚያስብ ሰው አልነበረም። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቱሪስቶች ድንኳናቸውን በበቅሎ አስጭነው ከከተማችን ከደባርቅ ወደ ተራራው ሲያልፉ እያየች ስላደገች፣ «እኛስ መቼ ነው ውጭ የምናድረው?» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ባለቤቴ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ በሳምንት ሦስቴ ሊማሊሞን ይወርዳል፣ ይወጣል። «ለመዝናናት ብዬ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ ልደር?» ብሎ ሳቀብኝ። አባቴ ታሞ ነበር፤ ከጎንደር ሆስፒታል ከተመለሰ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው።

እውነቱን ለመናገር የልጄ ጭቅጭቅ ሰበብ ነው የሆነኝ። የልቤ ሐሳብ ሌላ ነበር። አባቴ በሚቀጥለው ወር ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይመለሳል፤ ሐኪሙም ይሄኛው ከመጀመሪያው እንደሚከብድ አልደበቀንም። ዳባት ከምትኖረው ታላቅ እህቱ ጋር ደግሞ ከተኳረፉ አራት ዓመታቸው ነው። የእናታቸው ሙት ዓመት ድግስ በማን ቤት ይሁን በሚል ተነሥቶ ካህናቱ ፊት ክፉ ቃል ተወራወሩ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮ ሁለቴም አፍሮ ተመልሷል። አክስቴ አባቴን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ናት። ሳይታረቁ ተመልሶ ሆስፒታል እንዲገባ አልፈለግሁም። ፈርቼ ነበር፤ በጣም ፈርቼ ነበር።

ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ፤ ደብተር ገዝቼ ዕቅድ ማውጣት ጀመርኩ። መጀመሪያ ከተራራው ላይ ሳንቃበር ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት፤ ብርዱ ለበሽተኛ አይሆንም። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ያለውን ኮሶዬን መረጥኩ። መኪና በቀላሉ ይገባል፣ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ስንቅ ስናዘጋጅ የጾም ጣጣ የለብንም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መንገዳችን በዳባት ነው። ባለቤቴ መኪናውን አክስቴ በር ላይ ያቆማል፤ እኔ ወርጄ እጇን ይዤ አሳፍራታለሁ። አንድ ድንኳን ውስጥ ያደሩ ሰዎች ጠዋት ሳይነጋገሩ ሻይ ሊጠጡ አይችሉም። ይሄ ነበር ስሌቴ። አሁን ሳስበው አክስቴን እንደ ገብስ ጆንያ ልጭናት ነበር ያሰብኩት።

ድንኳን ማግኘት ግን ከባድ ሆነ። አንድ አስጎብኚ የራሱን ሊያውሰኝ ዘርግቶ አሳየኝ፤ ሁለት ሰው ከተኛበት ሦስተኛው እግሩን ደጅ የሚያሳድር ዓይነት ነው። ይህን ቤት ገብቼ ስናገር አባቴ ስለ ጉዞው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ።

«የእድሩ ትንሹ ድንኳን አለ አይደል?»

አባቴ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበር። በሰፈሩ ሰው በሞተ ቁጥር ያንን ሸራ አውጥቶ የሚተክለው እሱ ነው። የእድሩ ዳኛም ስንጠይቃቸው፣ «ለእሱማ እንዴት ይከለከላል!» ብለው ፈቀዱልን።

«ስንቱን አስለቅሼበታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ልተኛበት» አለ አባቴ።

«ኧረ ተው አባባ፣ አታሟርት!» ብዬ ተቆጣሁት። እሱ ግን ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሸራው የት የት እንደተቀደደ ለማየት ግቢያችን ውስጥ ተከልነው። ደብተሬ ውስጥ ያልጻፍኩት ነገር አልነበረም። ካስማው ተቆጥሯል፣ መዶሻው አለ፣ በሶው ተፈጭቷል፣ የአባቴ መድኃኒት በየሰዓቱ ተከፋፍሏል። የረሳሁት አንድ ነገር ነው፤ በሽተኛ ባለበት ግቢ የእድር ድንኳን ሲተከል ሰው ምን እንደሚያስብ። ጎረቤታችን በአጥር ብቅ ብላ፣ ለሽርሽር መሆኑን ስነግራት እያማተበች ተመለሰች። ያኔ እንኳ አልነቃሁም። በኋላ እንደሰማሁት፣ ወደ ዳባት በሚሄድ ሚኒባስ የተሳፈረች ነጋዴ በመስኮት አይታው ኖሯል።

ከቀትር በኋላ አባቴ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ የሸራውን ቀዳዳ በመርፌ ይጠቅማል፤ እኔ ውጭ ገመድ እወጥራለሁ። ከመንገዱ በኩል ለቅሶ ሰማሁ። ማን ሞተ ብዬ ቀና ስል አክስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋት በራችን ገባች።

«ወንድሜን! ወንድሜን!» ትላለች። አዝላ ስታሳድገው ያወጣችለት የቁልምጫ ስም ነበር፤ እሱን እየደጋገመች ትጠራለች። «ትቀድመኛለህ ወይ! እኔ ልሙትልህ! ያን ክፉ ቃሌን ሳልመልስ፣ ይቅር በለኝ ሳልልህ!»

ገመዱን ለቅቄ ወደ እሷ ሮጥኩ። «አለ! አክስቴ፣ እዚህ ነው ያለው!» እያልኩ ድንኳኑን አሳየኋት። ጭራሽ ባሰባት። አስከሬኑን ያሳየኋት ነው የመሰላት። ከሴቶቹ እጅ አምልጣ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተደፋች፤ መሬቱን እየደበደበች ያንን ስም ትጠራለች።

ከውስጥ ድምፅ የለም። አሁን እኔም ደነገጥኩ። ምን ሆኖ ነው መልስ የማይሰጣት? በሌላው ወገን ሸራውን ገልጬ ስገባ አባቴ መርፌውን እንደያዘ ተቀምጧል። እንባው ጺሙን አርሶታል። ሲያየኝ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ደጅ ያለችው ለቅሶዋን ቀጠለች፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ትንፋሽ ሲያጥራት ነው የተናገረው።

«እትዬ፣ ፀሐይ ላይ ነሽ። ግቢ።»

ለቅሶው ተቋረጠ። ከዚያ አክስቴ በእንብርክኳ ገባች፤ አየችው፤ ነጠላዋን ፈታ ትከሻውን በጫፉ ትገርፈው ጀመር። «አንተ! አንተ!» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። ከዚያ አንገቱን አቅፋ ወደቀችበት። እኔም ወጥቼ ገመዴን ይዤ አለቀስኩ፤ አብረዋት የመጡት ሴቶች የሚያደርጉት ጠፍቷቸው አንዴ ይስቃሉ፣ አንዴ ያማትባሉ።

አክስቴ በዚያው ከእኛ ጋር ሰነበተች፤ ጉዞው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተዛወረ። ዕቅዴን በአንድ ከሰዓት በኋላ አፈራረሰችው። ብርድ ልብሱ አይበቃም፣ በሶ ብቻ ስንቅ አይባልም፣ ወንድሜ ከበሩ ርቆ ከእኔ አጠገብ ነው የሚተኛው አለች። ልጄ ደብተሬን ይዛ የምትባለውን ሁሉ ትጽፋለች። እኔ ልጄን የዚያን ቀን ያህል ታዛዥ ሆና አይቻት አላውቅም።

የዚያኑ ቀን ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከአባቴ ጋር ካስማ ስንነቅል ንዴቴ ተመለሰ።

«ምን ዓይነት ሰው ነህ? ሴትዮዋ መሬት ላይ ስትንከባለል እንዴት ዝም ትላለህ? እኔስ? ልቤ ቀጥ ሊል ነበር እኮ!»

አባቴ ገመዱን ክርኑ ላይ ጠቀለለ።

«በዚያ ስም ከጠራችኝ አራት ዓመት ሆኗት ነበር» አለ። «ትንሽ ልስማው ብዬ ነው።»