ያልተነበበው የጋሼ ይትባረክ ዘመን

የብዙዎቻችን መምህር የነበሩት ጋሼ ይትባረክ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብላ ባለችው የትውልድ ደብራቸው ከተቀበሩ ሳምንታት አልፈዋል። በዚህ ሳምንት ደግሞ ታላቅ ወንድማቸው መሪጌታ ላቀው ወደ ደብረ ማርቆስ ሰው ልከው፣ በአርባቸው ዕለት እኔ የምጽፈው እንዲነበብ መፍቀዳቸውን አሳወቁኝ። እውነቱን ለመናገር በደስታ ዘለልኩ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ጽሑፌ ሰው ፊት ሲነበብ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዜናውን ለማን ልንገር ብዬ ሳስብ መጀመሪያ የመጡልኝ ግን ራሳቸው ጋሼ ነበሩ። ቁጭ አልኩ። ደስታዬ እዚያው ላይ አለቀ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሼ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የተማሩ፣ ዲቁና የተቀበሉ፣ በኋላ በመንግሥት ተልከው ጀርመን አገር የተማሩና እዚያው ብዙ ዘመን የኖሩ ሰው ነበሩ። ተመልሰው ደብረ ማርቆስ ላይ ታሪክ አስተማሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ለእኛ ለተማሪዎች የድርሰት አጻጻፍ ያሳዩን ነበር። የቀረውን ጊዜያቸውን የወሰደው አንድ ሥራ ነው፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የኖረ የአንድ ጀርመናዊ ገጣሚ የሕይወት ታሪክ በአማርኛ መጻፍ። ገጣሚው ነገሥታትን በግጥም እየወጋ ከአገሩ የተሰደደ፣ ሃይማኖቱን የለወጠ፣ በሰው አገር ለዓመታት አልጋ ላይ ተኝቶ የሞተ ሰው ነው። ከሞተም በኋላ የአገሩ ሰው ግማሹ ሲያመሰግነው ግማሹ ሲሰድበው ኖሯል ይሉን ነበር። በስሙ ግን እምብዛም አይጠሩትም፤ «ሰውዬው» ነው የሚሉት።

ጠረጴዛቸው ላይ ስለ ሰውዬው የተጻፉ ሦስት ወፋፍራም የጀርመንኛ መጻሕፍት ነበሩ። አንድ ቀን አንድ በአንድ እያነሡ አሳዩኝ። «ይህን የጻፈው ወዳጁ ነው። ይህን የጻፈው ጠላቱ ነው። ሦስተኛውን የጻፈው ደሞዝ ተከፍሎት ነው፤ እሱ እንቅልፍ ያመጣል» አሉኝ። ሦስቱ በብዙ ነገር አይስማሙም። ጋሼ ታዲያ አንዱን መርጠው ሌላውን አይጥሉም። በአብነት ትምህርት ቤት መምህራኑ ቃሉን ሲተረጉሙ፣ አንዱን ፍቺ ካስቀመጡ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላውን ያስከትላሉ። እሳቸውም እንደዚያው የወዳጁን ይጽፋሉ፣ «አንድም» ይላሉ፣ የጠላቱን ይጽፋሉ።

«ታዲያ እውነቱ የቱ ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«እኔ የት ነበርኩና ነው የምትጠይቂኝ?»

«አንባቢውስ ግራ አይገባውም?»

«ይግባው። ግራ የገባው ሰው ይጠይቃል። በአንድ አፍ ብቻ የተነገረለት ሰው ገና አልተነገረለትም።»

ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ እናቴ ትምህርቱን አትወደውም ነበር። ሽንኩርት ነው የምትሸጠው፤ ረዳቷ ደግሞ እኔ ነኝ። ከትምህርቱ መቅረት ስጀምር ጋሼ ሳይጠሩ ገበያ መጡና በርጩማ ስበው ከእናቴ አጠገብ ተቀመጡ። «አንቺ እዚያ ጆንያው ላይ ሆነሽ ጻፊ፤ እኔ እሸጣለሁ» አሉኝ። አንዲት ገዢ መጥታ ሽንኩርቱ የየት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ያመጣው ሰው የቁይ ነው ይላል። ጎረቤታችን ግን አይደለም ትላለች።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔማ ገና አሁን መቀመጤ ነው።»

ሴትዮዋ ስቃ አጠገባችን ወደምትሸጠው ጎረቤታችን ሄደች። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «በሉ ጋሼ፣ ልጅቷን ይዘዋት ይሂዱልኝ። እርስዎ እዚህ ከዋሉ ሽንኩርቴ ይበቅልብኛል» አለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የእኔ ሆነ።

መጽሐፋቸው የቆመው አንድ ምዕራፍ ላይ ነው፤ ሰውዬው ሃይማኖቱን ለምን ለወጠ? ወዳጁ ተገዶ ነው ይላል። ጠላቱ ለእንጀራው ሲል ነው ይላል። ሦስተኛው አይታወቅም ብሎ ያልፋል። ጋሼ ይህን ምዕራፍ ይጽፉታል፣ ቀደው ይጥሉታል፣ መልሰው ይጽፉታል። የአማኑኤል ሰው ስለ እሳቸውም «ዲያቆኑ ጀርመን ሄዶ ሃይማኖቱን ጣለ» እንደሚል እኛ ልጆቹ እንኳ እንሰማ ነበር። ለዚህ ወሬ መልስ ሰጥተው አያውቁም። ምዕራፉንም ሳይጨርሱት ሞቱ።

በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን ያነበቡት መሪጌታ ላቀው ናቸው። ልጅነታቸው ተነበበ፣ ቅኔ ቤቱ ተነበበ፣ ዲቁናው ተነበበ። ከዲቁናው ቀጥሎ መምህርነቱ መጣ። ጀርመን የለም፤ ሰውዬው የለም፤ መጽሐፉም የለም። ሕዝቡ ያለቅሳል፤ እኔ ግን የሚለቀስለትን ሰው አላወቅኩትም።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲቀንስ ወደ መሪጌታ ቀረብኩ።

«አባቴ፣ ጀርመን የኖሩበት ዘመን ለምን ሳይነበብ ቀረ?»

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«ተማሪያቸው ነኝ።»

«ያላየሁትን አላነብም ልጄ። ደግሞስ የሞተ ሰው ነው፤ ወሬ ለምን ይቀስቀስበት?»

«ሃይማኖታቸውን ትተው ነበር?»

የተቀመጡት ዞረው አዩኝ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አልጠየቅኩትም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ ይጠይቀኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ ይኸው።»

ያኔ ጋሼ እንዴት ይጽፉ እንደነበር ነገርኳቸው፤ የጠላትን ቃል እንኳ እንደማይሰርዙ፣ በመካከሉ «አንድም» እንደሚሉ። መሪጌታ ራሳቸው የመጻሕፍት ትርጓሜ ያስተምራሉ።

«ለጀርመን ሰው? የእኛን አንድምታ?»

«አዎ።»

«አብረን ነው የተማርነው» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። የተቀየሙኝ መስሎኝ ተነሥቼ ሄድኩ። በዚህ ሳምንት የላኩልኝ ቃል ግን እንዲህ ይላል፦ «ልጅቷ የምታውቀውን ትጻፍ። እኔ ያነበብኩትም አይሰረዝ።»

ጻፍኩ። ግን እኔ የማውቀው ቅዳሜዎቹን ብቻ ነው። ሦስቱ መጻሕፍት አሁን ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ እከፍታቸዋለሁ፣ ፊደሉን አያለሁ፣ እዘጋቸዋለሁ። የሚያነብልኝ ሰው በከተማችን እስካሁን አላገኘሁም። ሰውዬው በዚያ አልጋ ላይ ሆኖ ያለውን ሁሉ ጋሼ ገና ሊነግሩን ነበር፤ ቀረ። የባሰው ደግሞ ይህ ነው። ለገጣሚው ወዳጅም ጠላትም ጽፎለታል። የጋሼን የጀርመን ዘመን ግን የጻፈው የለም። ወዳጆቻቸው የት እንዳሉ አላውቅም፤ የሚያሟቸው ሰዎችም ሲጠየቁ ዝም ይላሉ። ዕለት በዕለት አንድ ነገር ከፊቴ ሲጠፋ እያየሁ ያለሁ ይመስለኛል፤ በምን እንደምይዘውም አላውቅም።

ስለዚህ ይህን ከአርባቸው ቀን አስቀድሜ አወጣሁት፤ እለምናችኋለሁ። ጀርመን አብራችኋቸው የተማራችሁ፣ በአንድ ቤት የኖራችሁ፣ የተጣላችኋቸው፣ ሃይማኖቱን ጥሏል ብላችሁ ያወራችሁም ጭምር፣ በአርባቸው ዕለት ከጸሎቱ በኋላ ወደ ደብሩ ኑ። የምታውቁትን ተናገሩ፤ ክፉም ቢሆን። መሪጌታ ተቀምጠው እንደሚሰሙ ቃል ልከውልኛል። እኔም እጽፋለሁ።

ጋሼ፣ ምዕራፍዎን ልጨርሰው አልችልም። ወንድምዎ ሊጠይቁዎት የፈለጉትንም ከእርስዎ በቀር የሚመልስላቸው አልነበረም። ሰው ከመጣ የሚለውን ሁሉ እጽፋለሁ። ማንም ካልመጣ፣ በዲቁናዎና በመምህርነትዎ መካከል ያለውን ገጽ ባዶውን እተወዋለሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ ሰው እንደነበረ እንዲታይ። አምላክዎ በሰላም ያሳርፍዎት።