ሕይወቴን ቆርጥሜ ጨረስሁት

«ኸላስ አባባ፣ ሕይወትህ አልቋል! ወጥተሃል!» አለችኝ ዛሬ የልጅ ልጄ ዘሃራ፣ እኔ ገና እያኘክሁ።

ገዳሪፍ ላይ ልጆቹ ሁሉ የአውሬ ሥዕል ባለበት ካርታ መዋጋት ይዘዋል። አውሬ ሲመጣብኝ የራሴን አውሬ አቁሜ ካልመከትሁ፣ ጉዳቱ ከሕይወቴ ይቀነሳል። ሕይወቱ ያለቀበት ከጨዋታው ይወጣል።

ሕይወታችንን የምንቆጥረው በተቆላ ለውዝ ነው፤ ለየሰው ሃያ ፍሬ።

የተወራረድነው ደግሞ በአንገረቤ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር ባለችው የገመድ አልጋዬ። በዚህ ሙቀት ከእሷ መነሣት ቀላል እንዳይመስላችሁ!

ዘሃራ በዘንዶዋ መጣችብኝ፤ ጉዳቱ ሦስት። የሚመክትልኝ አውሬ የለኝም፤ ግን ሰባት ሕይወት እንዳለኝ አውቃለሁ። ሳህኔን ሳይ ሦስት ፍሬ ብቻ!

«አራቱስ የት ሄዱ?» አልኋት።

«በላሃቸዋ!»

«አንዱን እኮ ገና አልዋጥሁትም፤ ይቆጠርልኝ» ብዬ አፌን ከፈትሁላት።

«አፍ የገባ አይቆጠርም፤ ተነሥ!»

ይኸው ጀሪካን ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። እሷ አንገረቤ ላይ ለጥ ብላለች። የተረፋት አሥራ አንድ ሕይወት ግን እኔ አጠገብ ነው።

አሁንማ ወደ ዘጠኝ ፍሬ ወርዷል።

እናንተስ በገዛ አፋችሁ ከጨዋታ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ እስክትነቃ እየቆረጠምሁ አነባለሁ።